ልጆቻችን የይፋትን ጥንታውያን ከተሞች ይወቁ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ብዙ እናቶች «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» እያልን እንጨነቃለን። አቅሙ የፈቀደለት ስለ ጎንደር ግንብ ወይም ስለ ሐረር ጀጎል ያስባል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በደሴ መንገድ ስንመላለስ፣ ከ600 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ከተሞች ፍርስራሽ በአቅራቢያችን እንዳለ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን፣ ከደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ በሙቀት ይለወጣል፤ የልጆች ሹራብ ይወልቃል። ወደ አፋር በረሃ የሚያዘቀዝቀው ይህ የሸዋ ሮቢት ቆላ ይፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ያሸነፉት የወላስማ ገዢዎች መቀመጫቸው እዚሁ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው የካይሮው ጸሐፊ አል ዑመሪ በይፋት ግዛት ሰባት ዋና ዋና ከተሞችን ቆጥሯል። ነጋዴው በደጋውና በዘይላ ወደብ መካከል ይመላለስ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን፣ ከብዙ ጦርነት በኋላ፣ የወላስማ ልጆች ወደ ምሥራቅ ሄደው በአዳል ነገሡ። ዛሬ በኖራ፣ በአስበሪና በመሳል የመስጊድ ግድግዳ፣ የቤት መሠረትና የድንጋይ መቃብር ይታያል።

በጸሐፊነት የምትሠራ አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ ሄዳ የገጠማትን አጫውታናለች። ትንሹ ልጇ ዙሪያውን አይቶ «እማዬ፣ ቤተ መንግሥቱስ የታለ?» አላት። መልስ አልነበራትም። ጥቂት ቆይቶ ከአንድ መቃብር ላይ የተጠረበ ድንጋይ አንሥቶ፣ «ለክፍል ጓደኞቼ ላሳያቸው» ሲል እርሷም ልትፈቅድለት ነበር። አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌ ግን፣ «መልሰህ አኑረው ልጄ፤ እዚህ የተኙት እንደኛው ሰዎች ናቸው» አሉት። «መከልከል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» ትላለች እናቲቱ።

እውነቷን ነው። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ከመቃብሩ ከተነጠለ የማን እንደነበረ ማወቅ ያስቸግራል። ለቤት፣ ለአጥርና ለእርከን የሚነሣው ድንጋይም እንዲሁ ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

ለመሄድ የምታስቡ እናቶች ከሁሉ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አጣዬንና አካባቢዋን የጎዳው ግጭት የሚረሳ አይደለም። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቃችሁ አገሩን የሚያውቅ መሪ ያዙ። ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ተነሡ። በቂ ውሃና ሽፍን ጫማ አትርሱ። ሸዋ ሮቢት የምታድሩ ከሆነ ወባ ስላለ አጎበር ያስፈልጋል። ወደ መስጊዱ ስትቀርቡ ነጠላችሁን ተከናነቡ፤ ልጆች መቃብር ላይ እንዳይወጡ ተቆጣጠሩ።

ቀኑ እሑድ ከሆነ ወደ ሰንበቴ ገበያ ዝለቁ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እህሉንና ከብቱን ይዞ ሲገናኝ፣ የጥንቱ ደጋና ቆላ ንግድ ምን ይመስል እንደነበር ለልጅ ለማስረዳት ይቀላል።

ልጅ ሲጠይቀን «አላውቅም» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው አብረን ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው።