ዶዘሩ ፊት የሚቆመው ሰው

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መካ ሲዘምቱ፣ መንገድ ላይ ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ አዩ። አል-ዋቂዲ እንደዘገበው ጁዐይል የተባለውን ሰሐባ አጠገቧ አቆሙት፤ ሠራዊቱ እስኪያልፍ ማንም እንዳይነካት ጠበቃት። ልብ በሉ፤ ‹‹ተጠንቀቁ›› ብለው ብቻ አላለፉም፤ ሰው መደቡ።

በእኛ አገር ግንባታ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ሰው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ሥራው ሳይጀመር ጥናት እንዲቀርብ አዝዟል። ጥናቱ ግን ቢሮ ይቀመጣል፤ ዶዘሩ ያለው ሜዳ ላይ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ አንዱ ምክንያት በውስጡ የሚያልፈው መንገድ ነበር። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት!

ከጉንደ ወይን ወደ ዓባይ ሸለቆ መንገድ ይቆረጣል እንበል። የተመደበው ባለሙያ ከዶዘሩ ቀድሞ ቁጥቋጦውን በእግሩ ያስሳል። ጎጆ ያለበትን ብሳና ቀለም ይቀባል፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩም ምንጣሮውን ያዘገያል። ለቱቦ የተቆፈረውን ቦይ በየማለዳው እያየ ሌሊት የገባ ጃርት ወይም ኤሊ ካለ ያወጣል። ደመወዙን የሚከፍለው ኮንትራክተሩ ከሆነ ግን ‹‹አቁም!›› ለማለት አንደበቱ ይያዛል። ስለዚህ ሥልጣኑ በጽሑፍ ይሰጠው እላለሁ።

ጅግራ እንቁላሏን የት እንደምትጥል ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው የሰፈሩ እረኛ ነው፤ ባለሙያው መጀመሪያ እሱን ይጠይቅ።