ኤምአርአዩ ደህና ነው፤ ልጅቷስ?

ሱዛና ካሃላን እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ፖስት ጋዜጠኛ ነበረች፤ ዕድሜዋ 24። ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው አለች፤ ቆይቶ ይጥላት ጀመር፤ ንግግሯ ተኮላተፈ። አንድ የነርቭ ሐኪም መጠጥ አብዝተሻል አላት። የጭንቅላት ምስሉ ደህና፣ ደሙም ደህና ተባለ። በመጨረሻ ዶክተር ሱሄል ናጃር ወረቀት ሰጥተው «ሰዓት ሳይ» ሲሏት፣ ቁጥሮቹን በሙሉ በክቡ ቀኝ በኩል ደረደረቻቸው። የአንጎሏ ቀኝ ክፍል መቆጣቱን ያሳበቀው ያ ሥዕል ነው።

ያ ወረቀት ስንት ብር ያወጣል?

ለመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንድ ማመካኛ ይፈቀድላቸው፤ ተመራማሪው ጆሴፕ ዳልማው ሕመሟን (ፀረ-ኤንኤምዲኤ ተቀባይ የአንጎል ብግነትን) የሚያስከትለውን አንቲቦዲ ለይቶ ያሳወቀው በ2007 ነበርና። ዛሬስ? የራሷ የሰውነት መከላከያ የአንጎሏን ኤንኤምዲኤ ተቀባዮች ከሴሉ ገጽ ላይ ሲያነሳ ሥጋውን አያፈርሰውም፤ ምስሉ ብዙ ጊዜ ንጹሕ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ታዲያ ይህ እየታወቀ «ኤምአርአዩ ደህና ነው» ብሎ ፋይል መዝጋት ምን ይባላል? ከሰባት ታማሚ በአንዱ ገደማ አንቲቦዲው ደም ውስጥ ሳይገኝ ከጀርባ በሚቀዳው ፈሳሽ ብቻ እንደሚገኝ እየታወቀ፣ የደም ውጤት ብቻ ይዞ «የለባትም» ማለትስ?

የአእምሮ ሐኪሙንም ልጠይቅ። በሳምንታት ውስጥ የተለወጠች፣ የሚጥላት፣ አፏ ያለፈቃዷ የሚንቀሳቀስ ወጣት ለሥነ ልቦና መታወክ በሚሰጠው መድኃኒት ስትብስ፣ መጠኑን ከመጨመር በፊት የነርቭ ሐኪም መጥራት ያሳፍራል? (በርሊን መካነ አራዊት በ2011 ውኃ ውስጥ ወድቆ የሞተው ክኑት የተባለው ድብ ይኸው በሽታ እንደነበረበት በ2015 ታውቋል። ለድቡ አራት ዓመት ተፈልጎለታል።)

ግን ስሙ ፋሽን ሲሆንም ያስፈራል። በ2023 የወጣ ጥናት የሰውነት መከላከያ የሚያስከትለው የአንጎል ብግነት አለባችሁ የተባሉ፣ በእርግጥ ግን የሌለባቸውን 107 ሰዎች መዝግቧል፤ አብዛኞቹ የመጠርጠሪያውን መስፈርት እንኳ አያሟሉም ነበር። የታይሮይድ አንቲቦዲ ተገኘ ተብሎ ብቻ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ማዘዝ ምርመራ ነው ወይስ ግምት?

እኛ አገር ብትሆን ልጅቷ ቀድማ ጸበል ትሄድ ነበር። አልፈርድም፤ ሰው የሚያንኳኳው የሚያውቀውን በር ነው። የምጠይቀው ከጸበል መልስ ሆስፒታል ስትደርስ የሚሆነውን ነው። «የአንቲቦዲው ምርመራ እዚህ የለም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሕመሙ መለያ መስፈርት ግን ምልክቶቹ ከተሟሉ፣ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው (ኢኢጂ) ወይም የጀርባው ፈሳሽ ከታወከ፣ ሌላ ምክንያትም ከተወገደ አንቲቦዲው ሳይጠበቅ ሕክምና እንዲጀመር መንገድ ይከፍታል። ያልተወገደ የቲቢ ማጅራት ገትር ላይ ስቴሮይድ ብቻውን መስጠት አደጋ መሆኑን ማን ይክዳል? እና ፈሳሹ ለምን አይቀዳም? «ጀርባዋ ከተወጋ ሽባ ትሆናለች» ብሎ የሚፈራውን አባት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አለ? ለአልትራሳውንድስ፣ ሕመሙን ሊቀሰቅስ የሚችለውን የእንቁልጢ ዕጢ ለመፈለግ፣ ከየት አገር ላቦራቶሪ ፈቃድ ይመጣል?

በ577 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመው ጥናት ሕክምናን ቶሎ የጀመሩት የተሻለ ማገገማቸውን አሳይቷል። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ተረኛው ሐኪም ለዚያች ልጅ እስክሪብቶ ሰጥቷታል?