አንዲት ገጽ ትበቃለች

«ዋጋ በውስጥ መስመር!» ይህች አባባል በየስልካችን የማትታይበት ቀን የለም። ነጋዴው የቀሚሱን ፎቶግራፍ ይለጥፍና ዋጋውን ይደብቃል። ገዢ ይጽፋል፤ መልስ ይጠብቃል፤ ሲሰለቸው ወደ ሌላው ይሄዳል። ለመሆኑ ዋጋ ምን ምሥጢር ኖሮት ነው በጆሮ የሚነገረው? በእኔ አስተያየት የአነስተኛ ነጋዴዎቻችን ችግር የኮምፒውተር ዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ለደንበኛ መነገር ያለበትን ነገር አጥርቶ ጽፎ አንድ ቦታ ላይ አለማስቀመጥም ነው። ይህ የጽሑፍ ሥራ ነው። የጽሑፍ ሥራ ከሆነ ደግሞ እኛን እጩ መምህራንን ይመለከተናል።

ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ለማሳሰብ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም፣ ለአንድ አነስተኛ የንግድ ቤት የምታስፈልገው ድረ ገጽ ባለ አንድ ገጽ ናት፤ እርሷንም ጀማሪ የሆነ ሰው በገዛ እጁ ሊጽፋት ይችላል የሚል ነው።

«ድረ ገጽ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የሚሽከረከር ሥዕልና የባለሙያ ብዛት ነው። ከመነሻው ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽ አንድም ሥዕል አልነበረውም። ጽሑፍና ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ማያያዣዎች ብቻ ነበሩት። ሰርንም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ይህንን ሥራ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለቀቀው። እንደዚያ ያለ በእጅ የተጻፈ ገጽ ዛሬም በስልካችን ላይ ያለ ችግር ይከፈታል።

የአጻጻፉ ዘዴ ኤችቲኤምኤል ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ከጽሑፉ በፊትና በኋላ ምልክት እያደረጉ «ርእሱ ከዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያበቃል፤ አንቀጹ ከዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያበቃል» ብሎ ለማሰሻው መንገር ነው። እኛም የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ ዓላማውን፣ መግቢያውንና ማጠቃለያውን በየሣጥኑ እንለይ የለም እንዴ? ያው ነው። መጻፊያው በኮምፒውተር ላይ ያለው ኖትፓድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ምልክቶች ይበቃሉ፦ የገጹ ስም፣ ርእስ፣ አንቀጽ፣ ዝርዝር፣ ፎቶግራፍና ማያያዣ።

በገጹ ራስጌ ላይ ግን ሁለት መስመሮች መረሳት የለባቸውም። አንደኛው ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጡን የሚናገረው መስመር ነው፤ እርሱ ከሌለ ፊደላችን ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው ገጹ ከስልክ ስፋት ጋር እንዲስተካከል የሚያዘው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለሆነም «በአማርኛ አይሆንም» የሚለው ምክንያት ጊዜው ካለፈበት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንግዲህ ምልክቱን በአንድ ቅዳሜ መልመድ ይቻላል። የሚከብደው ምን እንደሚጻፍ ማወቁ ነው። የሐበሻ ልብስ የምትሰፋ አንዲት እናት እንውሰድ። ገጽዋ ላይ «እንኳን ደህና መጡ፣ ራእያችን፣ ተልእኳችን» የሚል ነገር ምን ይሠራል? ገዢው የሚፈልገው ሌላ ነው። ምን ትሰፊያለሽ? ቀሚሱ ከስንት ብር እስከ ስንት ብር ነው? ቀብዱ ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? ሱቅሽ የት ነው፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ለነዚህ ጥያቄዎች በየተራ አጭር መልስ ይጻፍ። ቦታው ሲነገርም ሰው በሚያውቀው ምልክት፣ ለምሳሌ «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ በር» ተብሎ ይነገር። ስልክ ቁጥሩም ሲነካ ራሱ የሚደውል ማያያዣ ይሁን።

ውጭ አገር ያለውም ገዢ አይዘንጋ። ዋሽንግተን የምትኖር ሴት ለሠርግ ቀሚስ ልታዝ ከሥራ ወጥታ ስትደውል እዚህ እኩለ ሌሊት ነው። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመትና የእጅጌ ርዝመት እንዴት እንደሚለካ በገጹ ላይ ተጽፎ ቢገኝ ግን፣ ሰፊዋ ተኝታ እያለች ደንበኛዋ ልኳን ጽፋ ታድራለች። የገንዘብ መቀበያም በገጹ ውስጥ ካልተሠራ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለልን፤ «ቀብድ ከመላክዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ» ብሎ መጻፍ ለጊዜው ይበቃል።

ስለ ገጹ ክብደት ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሁለት ሺህ ፊደል ያለው ጽሑፍ እንግዲህ 6,000 ባይት ነው። ሳይቀነስ የተለጠፈ አንድ የስልክ ፎቶግራፍ ግን 3,000,000 ባይት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የጽሑፉን አምስት መቶ እጥፍ ማለት ነው! የሞባይል ዳታ በብር የሚገዛ ደንበኛ አሥር እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ እስኪከፈት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሦስት ፎቶግራፍ፣ እነርሱም ተቀንሰው፣ ከበቂ በላይ ናቸው።

«ቴሌግራም እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቻናል ለወሬ ማሠራጫ ጥሩ ነው፤ እኔም ይዘጋ አልልም። ነገር ግን ዛሬ የተለጠፈው ዋጋ ነገ ከአርባ ፎቶግራፍ ሥር ይቀበራል። ከዚህም ሌላ ቤቱ የሰው ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በባለቤቱ ኩባንያ የውስጥ ብልሽት ምክንያት በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። በአገራችንም ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ተዘግተው ቆይተዋል። እርግጥ ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲቋረጥ የራስም ገጽ አይከፈትም፤ ይህ አይካድም። ሆኖም የሰው ወርቅ አያደምቅም። ቻናሉ ገዢ ይጥራ፤ የተጠራው ገዢ የሚያርፍበት ቤት ግን የራስ ይሁን።

የራስ ይሁን ስል በወረቀትም የራስ ይሁን ማለቴ ነው። በሠፈራችን ያለች አንዲት ሰፊ ገንዘብ ከፍላ ድረ ገጽ አሠርታ ነበር። ዋጋ ልታስቀይር ስትል ሠሪው ስልክ አያነሣም። «ልጄ፣ የገጹ ስም እኮ የተመዘገበው በሱ ስም ነው አሉኝ» አለችኝ። ይህ እንዳይሆን የአድራሻው ስም ሲገዛ በባለቤትዋ ስምና በባለቤትዋ ኢሜይል ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉም በእጇ ይሁን። ስሙ በየጊዜው ስለሚታደስ ቀኑን ደብተር ላይ መጻፍ ነው። በነፃ ማስቀመጫ ለሚፈልግም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውሉን ያንብብ። ለምሳሌ ጊትሐብ ፔጅስ ለመለማመጃ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የንግድ ሥራ ማካሄጃ እንዲሆን ደንቡ አይፈቅድም።

ውድ ጓደኞቼ፣ እኛ ነገ በየወረዳው ተበትነን የምናስተምር ነን። በምንሄድበት ከተማ ጣውላ ሠሪ፣ ሰፊ፣ ማር ሻጭ አይጠፋም። ለእነርሱ አንድ ገጽ መጻፍ ውለታ ብቻ አይደለም። ተማሪው የአባቱ የሥራ ቤት ገጽ ሲጻፍ ካየ፣ አጥርቶ መጻፍ ዳቦ እንደሚያመጣ ያምናል። ያን ጊዜ ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ስናስተምረው ጆሮውን ይሰጠናል።

ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ ሠፈራችን ስንመለስ አንድ ነጋዴ እንምረጥ። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ጥያቄዎቹንና መልሶቹን ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለን እንጻፍ። ወረቀቱን ነገሩን ለማያውቅ ለአንድ ሌላ ሰው እናስነብበው። እርሱ አንብቦ የሚጠይቀው ጥያቄ ከቀረ ገና አልተጨረሰም። ካልቀረ ግን ምልክቶቹን ማድረግ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስንመለስ ወረቀቶቹን በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋቸውና እንተራረም። የማይስማማ ካለም ጽፎ ከጎኔ ይለጥፍ፤ እኔም አነባለሁ።

አደራ፣ ዋጋውን ጻፉት!

ከአንድ እጩ መምህር