ፈጣኑን ሹፌር የሚያውቀው ፖሊስ ብቻ ሲሆን

ቨርጂኒያ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ዳንቪል በምትባል ከተማ የመኪና ውድድር የሚያዘጋጁ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ተመልካች ቀዘቀዘባቸው። መላ ሲመቱ «አንድ ጥቁር ሹፌር ብናስገባ ሕዝቡ ለማየት ይጎርፋል» አሉ። ለሰውየው አዝነው ወይም ለስፖርቱ አስበው አይደለም፤ ለትኬቱ ነው። ታዲያ የከተማው ፈጣን ጥቁር ሹፌር ማን እንደሆነ ለማወቅ ማንን ቢጠይቁ ጥሩ ነው? ፖሊስን! ፖሊስም አላመነታም፤ «ዌንደል ስኮት» አለ። ሲያሳድደው የኖረ ሰው ነዋ፣ እንዴት አያውቀውም?

ስኮት መካኒክ ነበር። ታክሲ ነድቷል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጦር ጋር አውሮፓ ዘምቶ እዚያም መኪና ሲጠግን ከርሟል፣ ሲመለስ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ቀረጥ ያልተከፈለበት አረቄ ጭኖ በጠመዝማዛ መንገድ ይበራል። ለጎጃም አንባቢ አረቄ መጫን ወንጀል መሆኑ ፈገግ ያሰኘው ይሆናል። እዚያ ግን ያሳስራል፤ ስኮትም አንድ ጊዜ ተይዞ በገደብ ተለቋል።

ስቶክ ካር የሚባለው ውድድር ራሱ ከዚህ ሥራ ጋር የተወለደ ነው። በላይዋ ከገበያ የተገዛች ተራ የቤት መኪና ናት፤ ኮፈኑ ሲከፈት ግን ሞተሩ ሌላ ነው። የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች አረቄ ጫኞች ፖሊስ እንዳይደርስባቸው ሞተር ይቀይራሉ፣ ጭነቱ እንዳይታወቅ ባሌስትራ ያጠነክራሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ «ያንተ ትበልጣለች፣ የኔ ትበልጣለች» እያሉ በእርሻ ማሳ ላይ ይፎካከራሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 ናስካር የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ ይህንን ፉክክር አጥር አጠረለት፣ ሕግ አወጣለት፣ ዙር ቆጣሪ አስቀመጠለት። ከአረቄ ጫኞቹ አንዱ የነበረው ጁንየር ጆንሰን ታስሮ ተፈትቶ 50 ትልልቅ ውድድሮች አሸንፏል። በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ የሚታወሰው በክስ መዝገቡ ብቻ ነበር።

ይሄ ሁሉ ለባሕር ዳር ሰው ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። በግሽ ዓባይ ይሁን በሌላ ሰፈር ባጃጅ ተራ ወይም ጎሚስታ ደጅ ጥቂት የቆመ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ወሬው እገሌ የዓባይን በረሃ በስንት ደቂቃ ጨረሰው ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ፍሬን ስንት ጊዜ ነካ፣ በስንተኛ ማርሽ ያዘው፣ ማንን የት ላይ ቀደመው ነው። አንዱ ያጋንናል፣ ሌላው «ተወኝ ባክህ፣ እሱን እኔ ነኝ የማውቀው» ይላል። ክርክሩ ግን አያልቅም፤ ማንም ሰዓት አልያዘማ!

ሕዝቡ ለዚህ ፍጥነት የሰጠውን ስም ማስታወስም ይበቃል። አይሱዙ የጭነት መኪና በመንገድ ላይ በሚያደርሰው ጥፋት «አልቃይዳ» ተባለ። የቻይናው ሲኖትራክ ሲመጣ «ቀይ ሽብር» ተባለ። ስም አወጣጡ ላይ አበሻን የሚያህል የለም። ግን ልብ ላለው ሰው ቀልዱ ውስጥ ፍርድ አለ። ይህ አገር ፈጣን ሹፌር አጥቶ አያውቅም። ያጣው ሹፌሩ ፍጥነቱን ሰው ሳይገድል የሚያሳይበት አንድ ኪሎ ሜትር የታጠረ መንገድ ነው። ስለዚህ የፍጥነቱ ምስክሮች ሁለት ብቻ ሆነው ቀሩ፤ ትራፊክ ፖሊስና ሐኪም ቤት።

ወደ ስኮት እንመለስ። ሰውየው በትንንሾቹ ሜዳዎች ዘጠኝ ዓመት ከለፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ናስካር ከፍተኛው ምድብ ገባ። ተፎካካሪዎቹ ከኋላቸው የመኪና ፋብሪካዎች ቆመውላቸዋል። የእሱ ቡድን ልጆቹ ናቸው። ሌላው የጣለውን ጎማ ይገዛል፣ ሞተሩን ራሱ ያወርዳል፣ ራሱ ይገጥማል። በውድድር መሃል ለጥገና ሲገባ ከመሪው ተነስቶ ራሱ መፍቻ የሚያነሳበት ጊዜ ነበር። ከዚያ መልሶ ዘልሎ ይገባና ይነዳል።

ኅዳር 21 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1963)፣ እዚህ ኅዳር ጽዮን እየተከበረች ሳለ፣ ስኮት ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል ላይ ነበር። ሜዳው አፈር ነው፣ ውድድሩ 200 ዙር። ሊያልቅ 25 ዙር ሲቀረው የዘመኑን ኮከብ ሪቻርድ ፔቲን አልፎ መራ። ጨረሰም። ነገር ግን የአሸናፊው ባንዲራ አልተውለበለበለትም። ስኮት መንዳቱን ቀጠለ። ዳኞቹ ባክ ቤከር የተባለውን ነጭ ሹፌር አሸናፊ ብለው ዋንጫውን ሰጡት፤ ፎቶውም ተነሳ፣ የቁንጅና ንግሥቷም ሳመችው። ስኮት «ዙሩ ይቆጠር» ብሎ አቤት አለ። ሰዓታት ካለፉ፣ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ተቆጠረ፤ ስኮት ከቤከር ሁለት ዙር ቀድሞ ተገኘ። ገንዘቡን ሰጡት፣ ዋንጫው ግን ከቤከር ጋር ሄዷል። ስኮት ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ አዘጋጆቹ የፈሩት ጥቁር ሰው ነጭ ቆንጆ ሲስም መታየቱን ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ እንደ ግፍ ታሪክ ብቻ ይነገራል፤ ግፍም ነው። ነገር ግን ስፖርት የሚከታተል ሰው ሌላም ነገር ሊያይበት ይገባል። በዚያን ዕለት አንድ ሰው ዙር እየቆጠረ በወረቀት ጽፎ ነበር። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ የስኮት ድል ዛሬ በዳንቪል ጋራዦች ደጅ የሚወራ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አንዱ «አሸንፏል» ሲል ሌላው «ተወኝ ባክህ» እያለው። በዳዮቹ እንኳ ወረቀቱን ሊክዱት አልቻሉም። ለዚህ ነው ስሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በናስካር የክብር መዝገብ የሰፈረው፣ ለዚህም ነው ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2021 ዋንጫውን የተቀበለው። ስኮት እ.ኤ.አ. በ1990 ስለሞተ አላየውም። በዚያው በ2021 ባባ ዋላስ ታላዴጋ ላይ ሲያሸንፍ፣ በከፍተኛው ምድብ ከስኮት ቀጥሎ ያሸነፈ ሁለተኛው ጥቁር ሆነ። 58 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ከጃክሰንቪሉ ድል ጋር በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ባሕር ዳር ላይ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ብረታ ብረት፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቁ ባለሙያዎች ማፍራት ጀመረ። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሞተር የሚያወርድ እጅ በጣና ዳር ከስኮት ዘመን ጀምሮ አለ ማለት ነው። አገሪቱም ብትሆን ለመኪና ውድድር ባዳ አልነበረችም፤ ከአብዮቱ በፊት የኢትዮጵያ ደጋ ራሊ የሚባል ውድድር ይካሄድ ነበር።

ጎረቤት ኬንያ ግን አልተወችውም። ጆጊንደር ሲንግ የሚባለው የሕንድ ዝርያ ያለው ኬንያዊ ከጋራዥ የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሌላ ሰው በተጠቀመባት ቮልቮ የሳፋሪ ራሊን አሸነፈ፤ በ1974 እና በ1976 ደገመ፣ ሠለሰ። ጭቃው፣ አቧራው፣ ቁልቁለቱ ከእኛ አገር አይለይም። ሳፋሪ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ ሲቆይ እንኳ ኬንያውያን ውድድሩን በአገር ውስጥ አቆይተው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም መድረክ መልሰውታል። ኬንያን በሩጫ ለመቅደም የሚታየው እልህ እዚህ ላይ ሲደርስ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

አሁን ስለ መኪና ውድድር ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ በከንቱም አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በሰላም ደርሶ መመለስ ራሱ ብዙ ቤተሰብ ሻማ የሚያበራበት ነገር ሆኗል። ሹፌሩ ከማንም በላይ የቀመሰው ነው። ደግሞም ውድድር ይገድላል። ስኮት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ታላዴጋ ላይ ከሃያ በላይ መኪኖች በተላተሙበት አደጋ አጥንቱ ተሰባብሯል። ተበድሮ የገዛት መኪና ብረት ሆና ቀረች። ከዚያ በኋላ ሙያው አልቆለታል ማለት ይቻላል። 495 ውድድር ነድቶ፣ አንድ አሸንፎ፣ ባለ ዕዳ ሆኖ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ስለዚህ «ልጄ ሹፌር ሁንና ሚሊየነር ትሆናለህ» የሚል ወሬ ማንም አይንዛ።

የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው። መንገዱ ሰላም ባገኘ ጊዜ ሚሊዮኖች የሚፈስበት ሜዳ አያስፈልግም፤ ስኮት ያሸነፈው አፈር ላይ ነው። አንድ የታጠረ ሜዳ፣ በአሮጌ ጎማ የተከለለ፤ የተቋሙ ተማሪዎች ከወዳደቀ ብረትና ከባጃጅ ሞተር የሚገጣጥሟት ዝቅ ያለች መኪና፤ የራስ ቁር፤ አንድ አምቡላንስ። ሉዊስ ሃሚልተንም የጀመረው በእንዲህ ዓይነቷ ትንሽ መኪና በስምንት ዓመቱ ነው። በእርግጥ የእሱ አባት ለልጁ ሲል ሁለትና ሦስት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ይሄም ይታወቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ጠረጴዛና ወንበር ይምጣ፣ ሰዓት የያዘ ሰው ይቀመጥበት፣ ዙሩንም ይጻፍ። የባጃጅ ተራው ልጅ በ58 ሰከንድ ዞርኩ ካለ ወረቀቱ ይውጣና ይታይ። ያኔ አዘጋጆች ፈጣን ሹፌር ሲፈልጉ ትራፊክ ፖሊስ ቢሮ ሄደው አይጠይቁም።