ቍጥርም እንደ ምስክር ይመርመር

በሰሜን ወሎ፣ በሐራና በአካባቢዋ ዝናብ ቢዘገይ ሁለት ወሬዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ አንደኛው «ሕዝቡ አለቀ»፣ ሁለተኛው «አገሩ ጥጋብ ነው» ይላል። ዛሬ ሁለቱም ከነፎቶግራፋቸው በእጅ ስልክ ወደየቤታችን ይገባሉ። በክርክሩ መካከል የሚጎዳው ግን ማሽላው የደረቀበት ገበሬ ነው፤ ርዳታው የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በታመነው ወሬ ነውና።

ወሎ ይህን በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሲጸና ባለ ሥልጣኖች ነገሩን ሸሸጉት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለሕዝብ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ርዳታ አስነሣ። ያው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተጋጥሞ ነበር። ረሃቡም ግብዣውም እውነት ነበሩ፤ አገጣጠሙ ግን የአገጣጣሚውን ሐሳብ ይናገር ነበር።

ዛሬ ድርቅን መሸሸግ እንደ ዱሮው አይቀልም። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ያህል በሐራ ማሳዎች ላይ ያልፋሉ፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን መሬት ለይተው ያሳያሉ፤ ሥዕሉም ለማንም በነጻ ይሰጣል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን ይመልሳል። ባለሙያዎችም ከዚህ ልዩነት ልምላሜውን አስልተው ካለፉት ዓመታት ጋር ያነጻጽሩታል።

ሆኖም ሳተላይቱ ማሳውን እንጂ ጎተራውን አያይም፤ የክረምት ደመናም ይጋርደዋል፤ አረሙን ከጤፉ ለመለየትም ይቸገራል። ስለዚህ የገበያው የእህል ዋጋ፣ የሕፃናቱ ክብደትና የገበሬው ቃል አብረው ሊመሰክሩ ይገባል።

እንግዲህ ስለ ወገን ረሃብ ወሬ ሲደርሰን ቍጥሩን እንደ ምስክር እንጠይቀው፦ መቼ ተቈጠረ? የት? በማን? በምን ዘዴ? ፎቶግራፉስ የዘንድሮ ነው ወይስ የ1977 ዓ.ም.? አንድ ሥዕል ቀድሞ የት እንደ ወጣ የሚፈልግ መሣሪያ በስልክ ይገኛል፤ የሚያውቁት ልጆቻችን ያሳዩን።

ማስረጃው እስኪገኝ ምላሳችንን እንግታ፤ እጃችንን ግን አንሰብስብ። የተሸሸገ ረሃብ ዛሬ ይገድላል፤ የተጋነነ ወሬም ነገ እውነተኛው ጩኸት እንዳይታመን ያደርጋል።