ሸክም፥ ሳንቃና ወገብ

ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ ከአንድ መደብር ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፥ አንድ ጐልማሳ አንድ ኩንታል እህል ወደ ጭነት መኪና ሊያወጣ ሲታገል አየሁ። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜም አቃተው። በዚህ ጊዜ ጠጉራቸው የሸበተ አንድ ተሸካሚ፥ «ተው ልጄ፤ ወገብህን ለጆንያ አትሽጥ!» አሉትና ረዥም ሳንቃ በመኪናው ላይ አስደግፈው ጆንያውን ሁለት ሆነው እየገፉ አወጡት። ሽማግሌው ያለ መጽሐፍ ያስተማሩትን ትምህርት ለእርስዎም ላካፍልዎ ወደድሁ።

መሬት ማንኛውንም ነገር ወደ ራስዋ ትስባለች። ሸክም ስናነሣ የምንታገለው ከዚህ ስበት ጋራ ነው። መቶ ኪሎ ጆንያ ቀስ ብለን ቀጥ አድርገን ብናነሣው የሚጠይቀን ኃይል ልክ ክብደቱን ያህል ነው። ከመሬት ብድግ ስናደርገው ግን ከክብደቱ ጥቂት ይበልጣል። መንጭቆ የሚያነሣ ሰው ስለዚህ በገዛ እጁ ሸክሙን ያከብዳል።

ታዲያ ሳንቃው ምን ረዳ? የመኪናው ወለል ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፥ ሳንቃውም 3 ሜትር ከ60 ቢረዝም፥ ርዝመቱ የከፍታው ሦስት እጥፍ ነው። ስበቱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ ሲሶ፥ ማለት ወደ 33 ኪሎ ይወርዳል። ጆንያው ሳንቃውን ሲፈትግ የሚይዘው ኃይል ግን በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ሳንቃው በሻከረ መጠን ትርፉ ያንሳል። ተፈጥሮም በነፃ አትሰጥም፤ በኃይል ያተረፍነውን በመንገድ ርዝመት እንከፍላለን። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድስ የተራራ ሳንቃ አይደለምን?

ከወሎ ሳንወጣ ትልቁን ምሳሌ እናገኛለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጐተቱ። ይህ 70 ኩንታል ነው! ማንም ትከሻ አያነሣውም። ስለዚህ በመንኰራኵር ላይ ተጭኖ፥ ገደሉ እየተቈረጠ መንገድ እየተሠራለት፥ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ እየደከሙ፥ ግማሽ ዓመት ገደማ ተጓዘ። የበሽሎ ቁልቁለትም ከዳገቱ አልቀለለም፤ ስበት መድፉን ወደ ገደል እንዳይወስደው ከኋላ በገመድ መያዝ ግድ ነበር። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል።

አሁን ወደ እርስዎ ወገብ እንመለስ። 20 ኪሎ ዕቃ ከአከርካሪዎ 40 ሳንቲ ሜትር አርቀው ቢይዙ፥ የሚያቃናዎ የጀርባ ጡንቻ ከአከርካሪው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፥ ስምንት እጥፍ፥ ማለት 160 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። ዕቃውን ወደ ሆድዎ አስጠግተው ርቀቱን ወደ 20 ቢያወርዱት ግን 80 ይበቃል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

እንግዲህ ሸክም ሲያነሡ ከጉልበትዎ በርከክ ይበሉ፤ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ፤ በእግርዎ ይነሡ፤ ተሸክመው ወገብዎን አይጠምዝዙ። ከከበደዎ ጓደኛ መጥራት ነውር አይደለም። የእህል ባለቤት የሆኑ አንባቢዬም ከመኪናዎ ላይ አንድ ደኅና ሳንቃ አይጥፋ። ሳንቃ ቢሰበር በሌላ ይተካል፤ የሰው ወገብ ግን መለዋወጫ የለውም።