በውጭ አገር በካርድ ለሚከፍል መንገደኛ

በቀድሞው ጊዜ ወደ ሰው አገር የሚሄድ ሰው ገንዘቡን በመቀነቱ ቋጥሮ ይጓዝ ስለ ነበረ ትልቁ ሥጋቱ ሌባ ነበረ። ዛሬ ግን በኪሱ የሚይዘው አንዲት ካርድ ናትና ሌባውን ብዙ አይፈራም፤ ነገር ግን ገንዘቡን በትሕትና ጠይቆ የሚቀንስበት ሌላ ነገር ተነሥቶበታል።

ይኸውም እንዲህ ነው። ሒሳቡ በአሜሪካ ዶላር የተቀመጠ አንድ ሹም ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ፓሪስ ተልኮ የሆቴሉን ዕዳ ሊከፍል ካርዱን ባቀረበ ጊዜ፥ የመክፈያዪቱ መኪና «በዩሮ ወይስ በዶላር?» ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም የሚያውቀውን ገንዘብ ሲያይ ልቡ ይረጋና ዶላሩን ይመርጣል። ዩሮውን ቢመርጥ ኖሮ ምንዛሪው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በየዕለቱ በሚያወጣው ዋጋ ይታሰብለት ነበር። ዶላሩን በመምረጡ ግን ዋጋውን የሚቈርጠው ከሆቴሉ ጋራ የተዋዋለው ድርጅት ሆነ። ድርጅቱ ከገበያው በላይ ይጨምራል፤ ከትርፉም ለሆቴሉ ድርሻ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥያቄው ቸርነት ይመስላል እንጂ ንግድ ነው።

አንድ ዩሮ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም በሆነበት ቀን የ400 ዩሮ ዕዳ 440 ዶላር ነው እንበል። የሹሙ ባንክ ስለ ውጭ አገር ክፍያ ከመቶ 2 ቢወስድ 448 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። የሆቴሉ መኪና ከመቶ 6 ብትጨምር ግን 466 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይወጣበታል። ከዚህም የሚከፋው፥ አንዳንድ ባንክ ክፍያው በዶላር ቢጻፍም በውጭ አገር ተፈጽሟልና የራሱን ደግሞ ይቈርጣል። በዶላር መክፈል የወጪውን ልክ ወዲያው ያሳውቃል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ለማወቅ ብቻ 17 ዶላር ከ60 ሳንቲም መስጠት ውድ ዕውቀት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተመልክቶ፥ ከሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ በላይ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ከክፍያው በፊት እንዲገለጽ በደንብ አዟል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ደንቡ የተጻፈው የከፋዩም የተቀባዩም ባንክ በኅብረቱ ውስጥ ለሆነ ክፍያ ነውና፥ ከአዲስ አበባ የመጣ ካርድ በዚህ ጥላ ሥር ነኝ ብሎ ሊተማመን አይችልም።

ጥሬ ገንዘብ በሚወጣበት በኤቲኤም ዘንድም ነገሩ ያው ነው። ከአሜሪካ ተነሥቶ ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሄደ ምእመን ሼቅል ሊያወጣ ሲል፥ መኪናዪቱ በዶላር አስልታ «ይቀበላሉን?» ትለዋለች። እርሱም እንቢ ካልሁ ገንዘቡ ይቀርብኛል ብሎ ይሠጋል። አይቀርበትም፤ እንቢ የሚባለው ምንዛሪው ብቻ ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ አንዲት ዶላር የምትጠይቀው ብር እጅግ በዝቷል። መሥሪያ ቤቶች ለመልእክተኞቻቸው የጉዞ ደብዳቤና አበል ሲሰጡ፥ በየአገሩ ገንዘብ እንዲከፍሉ የምትነግር አንዲት ገጽ በአማርኛ ጽፈው ቢጨምሩበት ምን ይከብዳቸዋል? በዚያችም ገጽ ላይ፥ የሆቴሉ ጸሓፊ ሳይጠይቅ በራሱ እጅ ዶላሩን የመረጠ እንደ ሆነ መንገደኛው የምሥጢር ቍጥሩን ከመንካቱ በፊት በመኪናዪቱ ላይ የተጻፈውን የገንዘብ ስም እንዲያነብ፥ ዶላር ሆኖ ቢያገኘውም ክፍያው ተሰርዞ በዩሮ እንዲደገም እንዲጠይቅ ይጻፍበት።